«ተቀመጥ» ማለት ፍቅር ነውን?

ጆሮውን በቀዶ ሕክምና ታክሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ወጣት እንደ ቀድሞው ብስክሌት መንዳት ቢፈልግ ምን እንለዋለን? አብዛኞቻችን «ተው ወንድማችን፥ ትወድቃለህ፤ አርፈህ ተቀመጥ» እንለዋለን። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ትክክል መሆኑን ልንመረምር ይገባናል።

ጆሮ ለመስማት ብቻ የተሰጠን አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ እየተንቀሳቀሰ ለአንጎል ያስታውቃል። ሚዛናችንን የምንጠብቀው በዚህ፥ በዓይናችን፥ እንዲሁም ከእግርና ከመገጣጠሚያ በሚመጣ ስሜት ነው። በቀዶ ሕክምናው የአንዱ ጆሮ የሚዛን ነርቭ የተጎዳ እንደ ሆነ ምድር የምትዞር ይመስላል። ይሁን እንጂ አንጎል በቀሩት መመራትን ይማራል። የሚማረውም ስንንቀሳቀስ ነው እንጂ ስንቀመጥ አይደለም! ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ራስን ማዞርና መራመድ የመዳኛው መንገድ ነው። እንግዲህ ሁልጊዜ «ተቀመጥ» የሚል ርኅራኄ ሳያስበው ወንድሙን በሕመሙ ያቆየዋል።

ታዲያ ነገውኑ ቁልቁለቱን ይውረድን? ይህም አይደለም። የነቀምቴን ዳገትና ቁልቁለት፥ የክረምቱንም ጭቃ እናውቃለን። ሲመሽ የዓይን እርዳታ ይቀንሳል። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው የባጃጁን ድምፅ ቢሰማም ከየት በኩል እንደሚመጣ ለመለየት ይቸገራል፤ ዞሮ ልይ ቢል ደግሞ ይንገዳገዳል። በራሱ ላይ የሚደርሰውን አደጋ እርሱ ፈቅዶ ተቀብሎት ይሆናል፤ ከገበያ ተሸክመው የሚመለሱት እናት ግን ያንን አደጋ አልመረጡም። ስለዚህ ለሌላው የማያስብ ድፍረት ጀግንነት ሊባል አይችልም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ በመጀመሪያ በደረቅ ሜዳ፥ በቀን ብርሃን ይሞክር። ጓደኛውም በማይሰማው ጆሮው በኩል ሆኖ ይጠብቀው።

ፈጽሞ የማይድን ጉዳትም አለ። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ ዳግመኛ አልሮጠም። ነገር ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በእንግሊዝ አገር፥ በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስት ተወዳድሯል። መመለስ ማለት የግድ ወደ ቀድሞው ነገር መመለስ አይደለም።

ወጣቶች ሆይ፥ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ወይም በደምቢዶሎ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት ካለን፥ «ተቀመጥ» ብለን ከመሄድ ይልቅ «ከየት እንጀምር?» ብለን እንጠይቅ። ምክር መስጠት ቀላል ነው፤ የብስክሌቱን ኮርቻ ከኋላ ይዞ አብሮ መሮጥ ግን ጊዜንና ጉልበትን ይጠይቃል። ይህን ለመስጠት ፈቃደኞች ነን?