ያልታዘዘ፣ ያልተከለከለ ነገርና የሴት ተማሪዎች የደንብ ልብስ

የሴት ተማሪዎችን የደንብ ልብስ ለዘመኑ ተማሪ እንዲስማማ አድርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት በመጀመሪያ እይታ የልብስ ሰፊና የወላጅ ኮሚቴ ጉዳይ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የጉርድ ቀሚሱ ርዝመት፣ የሱሪው መፈቀድና መከልከል፣ የሻሹ ቀለም በሚወሰንበት ስብሰባ ሁሉ፣ ተሰብሳቢዎቹ ቢያስተውሉትም ባያስተውሉትም፣ የክርስትናና የእስልምና ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመላለሱበት የኖሩት አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄውም በመለኮታዊ ሕግ ያልታዘዘና ያልተከለከለ ነገር በሰው ሥልጣን በታዘዘ ጊዜ የታዛዡን ኅሊና ያስራል ወይስ አያስርም የሚለው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለላቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ኢስጦኢኮች የተባሉት የግሪክ ፈላስፎች በራሱ በጎም ክፉም ያልሆነውን ነገር፣ ለምሳሌ ሀብትንና ዝናን፣ አዲያፎራ ብለው ይጠሩት ነበር፤ ምዕራባውያን የነገረ መለኮት ሊቃውንት ደግሞ ይህንኑ ስያሜ ወስደው ቅዱሳት መጻሕፍት ያላዘዙትንና ያልከለከሉትን ጉዳይ ሁሉ አመለከቱበት። በእስልምና የሕግ ትምህርት የሰው ድርጊት በአምስት ብያኔዎች ይከፈላል፦ ግዴታ የሆነው ዋጂብ፣ የሚወደደው መንዱብ፣ የተፈቀደው ሙባሕ፣ የማይወደደው መክሩህ፣ የተከለከለውም ሐራም ይባላል። መሸፈን የሚገባው የሰውነት ክፍል፣ ማለትም አውራ፣ እስከተሸፈነ ድረስ የልብሱ ቅድና ቀለም በአብዛኛው ከሙባሕ የሚቆጠር ሲሆን፣ መሪ ለሕዝብ ጥቅም ሲል ሙባሕ የሆነውን ነገር ሊገድብ ይችላል የሚል ትምህርትም በዚያው ይገኛል። እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ነገሩ በራሱ ክብደት ከሌለው ባለሥልጣን ለሥርዓት ሲል ቢያዝዘው ማንም የሚጎዳ አይመስልም፤ ነገር ግን ከዚያው መነሻ ተነሥቶ፣ ክብደት የሌለውን ነገር በግድ ማዘዝ ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅም እንዲሁ ይቻላል።

ይህ ክርክር በእንግሊዝ አገር ሰውን እስከ ወህኒ አድርሷል። በ1550 የግሎስተር ጳጳስ እንዲሆን የታጨው ጆን ሁፐር በሥርዓተ ሢመቱ ላይ የታዘዘውን ልብሰ ተክህኖ ለመልበስ እምቢ አለ፤ ምክንያቱም ልብሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ያልተደገፈ ስለሆነ ከአዲያፎራ እንኳ ሊቆጠር አይችልም፣ ቢቆጠርም ለሰው ፈቃድ ሊተው ይገባዋል የሚል ነበር። የለንደን ጳጳስ ኒኮላስ ሪድሊ በበኩሉ ልብሱ ያልታዘዘና ያልተከለከለ ነገር መሆኑን ከተቀበለ በኋላ፣ በዚሁ ምክንያት ሕጋዊ ሥልጣን ለመልካም ሥርዓት ሲል ሊያዝዘው ይችላል ብሎ መለሰ። ሁፐር በ1551 መጀመሪያ ላይ ፍሊት በተባለው ወህኒ ቤት ከታሰረ በኋላ እሺ ብሎ፣ የጠላውን ልብስ ለብሶ ተሾመ። ሁለቱም ሰዎች በ1555፣ ዙፋኑ ወደ ንግሥት ሜሪ ከተላለፈ በኋላ፣ በእሳት ተቃጥለው መሞታቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ያሻል፤ ባለሥልጣን ስለ ልብስ ሊያዝዝ ይችላል ብሎ የተከራከረው ሪድሊ በሌላ ባለሥልጣን ትእዛዝ ከመሞት አልዳነም።

ጉዳዩን ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ ያየው ጆን ሎክ ነው። በ1689 በታተመው ስለ መቻቻል በጻፈው ደብዳቤ፣ ያልታዘዙና ያልተከለከሉ ነገሮች በመንግሥት ሥልጣን ሥር የሚወድቁት ለሕዝብ ጥቅም እስከዋሉ ድረስ ብቻ መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ ሕፃንን በውኃ ማጠብን ምሳሌ አድርጎ ያነሣል። መታጠቡ ከበሽታ የሚከላከል መሆኑ ከታወቀ መንግሥት እናቶችን ልጆቻችሁን እጠቡ ብሎ ሊያዝዝ ይችላል፤ ሕፃኑ ለነፍሱ መዳን ይጠመቅ ብሎ ግን ሊያዝዝ አይችልም። ውኃው ያው ውኃ፣ መታጠቡም ያው መታጠብ ሲሆን፣ አማኙ ለአምልኮ ባዋለው ቅጽበት ለእርሱ የሚያሻ ነገር ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለደንብ ልብስ አዘጋጅ ከማንኛውም የጨርቅ ምርጫ በፊት የሚጠቅም ነው፤ አንድ ልብስ ያልታዘዘና ያልተከለከለ የሚሆነው በራሱ በጨርቁ ባሕርይ ሳይሆን ከለባሹ ጋር ባለው ግንኙነት ነው፣ ስለሆነም ለርእሰ መምህሩ ምንም ያልሆነ ሁለት ስንዝር ጨርቅ ለተማሪዋ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ሊሆንባት ይችላል።

የደንብ ልብስ ታሪክም ቢሆን ከሥርዓትና ከደረጃ ጉዳይ ተለይቶ አያውቅም። ሁፐር ከታሰረ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1552፣ ለድሆች ልጆች በለንደን የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት ልጆቹን ያለበሰው ረጅም ሰማያዊ ካፖርት በመጀመሪያ የምጽዋት ምልክት ነበር። በሴቶች በኩል ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1890ዎቹ ሲሆን፣ ስዊድናዊቷ ማርቲና በርግማን ኦስተርበርግ በእንግሊዝ ባቋቋመችው የሴቶች የሰውነት ማጎልመሻ ኮሌጅ ተማሪ የነበረችው ሜሪ ቴት የፈጠረችው እንደሆነ የሚነገርለት ጂምስሊፕ፣ ማለትም ከሸሚዝ በላይ የሚደረብ እጅጌ የሌለው ሰፊ ቀሚስ፣ ኮርሴት ታጥቀው የኖሩ ልጃገረዶች እንዲሮጡና እንዲዘሉ አስቻላቸው። ይኸው የነጻነት ልብስ ከሁለት ትውልድ በኋላ ተማሪዎች ሊገላገሉት የሚፈልጉት አሮጌ ደንብ ሆነ፤ ስለዚህ "ዘመናዊ" የሚባል የደንብ ልብስ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከቅርብ ዘመን ጉዳዮች ሁሉ አስተማሪው በእንግሊዟ ሉተን ከተማ በሚገኘው ዴንቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተነሣው ክርክር ነው፤ አስተማሪነቱም ትምህርት ቤቱ ግድ የለሽ ስላልነበረ ነው። ከተማሪዎቹ ከመቶ ሰባ ዘጠኙ ያህል ሙስሊሞች በመሆናቸው፣ አስተዳደሩ ወላጆችን፣ ተማሪዎችን፣ መምህራንንና የሦስት መስጊዶችን ኢማሞች አማክሮ ለሴቶች ከጉርድ ቀሚስና ከሱሪ በተጨማሪ ሻልዋር ቀሚስ የተባለውን፣ ከሰፊ ሱሪ ላይ የሚለበሰውን የደቡብ እስያ ልብስ፣ አማራጭ አድርጎ አቀረበ፤ በትምህርት ቤቱ ቀለም የተሠራ የራስ መሸፈኛም ፈቀደ። ርእሰ መምህርቷ ራሷ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደች ነበረች። ሁለት ዓመት ሻልዋር ቀሚስ ለብሳ የተማረች አንዲት ልጅ ግን በመስከረም 2002 ጂልባብ፣ ማለትም የሰውነትን ቅርጽ የማያሳይ ረጅምና ሰፊ መጎናጸፊያ፣ ለብሳ መጣች፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሙስሊም ሴት ከዚህ ያነሰ ልትለብስ አይገባትም የሚል እምነት ስለያዘች ነው። ቀይራ እንድትመለስ ወደ ቤቷ ተላከች፤ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ደረጃ በደረጃ ወጣ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 ለተማሪዋ ፈረደ፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ መብት እንዳላት ተቀብሎ ከዚያ በኋላ ገደቡ ተገቢ መሆኑን ማስረዳት ሲገባው፣ ደንቡ ደንብ ነው ከሚል ተነሥቷል የሚል ነበር። የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በመጋቢት 2006 ይህን በአንድ ድምፅ ሻሩት። ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ፣ ጂልባብ የሚፈቅዱ ሌሎች ትምህርት ቤቶች በአካባቢው ስላሉና ተማሪዋም ይህን ትምህርት ቤት ደንቡን አውቃ ስለመረጠች፣ በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 የተጠበቀው ሃይማኖትን የመግለጥ መብቷ አልተነካም አሉ፤ ሎርድ ኒኮልስና ባሮነስ ሔል ግን መብቷ ተነክቷል፣ ሆኖም በበቂ ምክንያት ነው የሚል አቋም ያዙ። በዚህ ጽሑፍ እይታ የሁለቱ አቋም ይበልጣል፤ የኅሊና ሸክም የተጫነበትን ሰው "ሌላ ቦታ መሄድ ትችያለሽና አልተጫነብሽም" ማለት፣ ሁፐርን ጳጳስ አለመሆን ትችል ነበር ከማለት የማይለይ ነውና።

የዚህ ጉዳይ እውነተኛ ክብደት ያለው ግን ከፍርዱ ይልቅ ከማስረጃው መካከል በተሰማ አንድ ቃል ላይ ነው። ጂልባብ ከተፈቀደ በእኛም ላይ ልበሱ የሚል ጫና ይመጣብናል ብለው የሠጉ ሌሎች ሙስሊም ልጃገረዶች በዚያው ትምህርት ቤት ነበሩ። የሎክ ምሳሌ አንድ መንግሥትና አንድ ኅሊና ፊት ለፊት የቆሙበት ነው፤ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ግን ብዙ ኅሊናዎች እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፣ የአንዷ መታዘዝ ለሌላዋ ወቀሳ ይሆናል፣ እንዲሁም ለአቅመ ሔዋን ገና የደረሰች ልጅ የራሷን እምነት ከቤተሰቧና ከሰፈሯ እምነት ለይታ የምታውቅበት ጊዜ ገና ነው። ባሮነስ ሔል ያተኮረችው በዚህ ላይ ነበር፤ አዋቂ ሴት በነጻ ፈቃዷ የመረጠችውን ልብስ ማንም ሊነቅፍባት እንደማይገባ ከተቀበለች በኋላ፣ ትምህርት ቤት ግን በማደግ ላይ ያሉ ልጆችን የሚጠብቅና ልዩ ልዩ ማኅበረሰቦችን አብረው እንዲኖሩ የሚያስተምር በመሆኑ ገደብ ሊያበጅ እንደሚችል አስረዳች። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ይሁንና ድክመቱም መሸሸግ የለበትም፤ ጫና ያሳደረችው ጂልባብ የለበሰችው ተማሪ መሆኗ ሳይረጋገጥ፣ ሌሎች ሊያሳድሩ ለሚችሉት ጫና ዋጋውን የከፈለችው ይህችው አንዲት ልጅ ናትና።

ከዚህ ሌላ ሁለት ጉዳዮችን በአጭሩ ማየት ይበቃል። በደቡብ እንግሊዝ ሉዊስ ከተማ ፕራዮሪ የተባለው ትምህርት ቤት ጾታ የማይለይ የደንብ ልብስ ለማድረግ በማሰብ ጉርድ ቀሚስን ከልክሎ ሱሪን በ2017 ለአዲስ ገቢዎች፣ በ2019 ደግሞ ለሁሉም ሲያዝዝ ተማሪዎችና ወላጆች በበሩ ላይ ተቃውሞ አሰሙ፤ ጭቆናን ለማስቀረት የወጣ ደንብ ምርጫን ነጥቆ ተገኘ። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ሊላንድ በሚገኝ፣ በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደር ቻርተር ትምህርት ቤት ደግሞ ሴቶች ሱሪ እንዳይለብሱ ተከለከሉ፤ የትምህርት ቤቱ መሥራች ምክንያቱን ሲያስረዳ ሴት ልጅ ወንዶች ተጠንቅቀው ሊይዟት የሚገባ ተሰባሪ ዕቃ ናት የሚለውን፣ ከመጀመሪያይቱ የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 3 ጋር የሚዛመደውን አስተሳሰብ ጠቀሰ። ልጃገረዶቹ ግን ስለ መቀመጥ፣ ስለ መሮጥና ስለ ብርድ ተናገሩ፤ የአካባቢው ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2022 ደንቡ የእኩልነት መብትን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በሉተን የሃይማኖት ልብስ የጠየቀችው ልጅቷ፣ በሊላንድ የሃይማኖት ልብስ የጫነው ተቋሙ መሆኑ ነው፤ ሁለቱን "የሃይማኖት አለባበስ" በሚል አንድ ርእስ ሥር መክተት ፍርድን ያሳስታል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሱሪ በሚነሣበት ጊዜ ሁሉ የሚጠቀሰው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5፣ ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ የሚከለክለው ቃል ነው። ነገር ግን የወንድ ልብስ የሚባለው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የአገር ልማድ ነው፤ በሉተን ኢማሞቹ ያልተቃወሙት የሴቶች የጨዋነት ልብስ ራሱ ሱሪ ያለበት መሆኑ ይህን ይመሰክራል። ልማድ ሲለወጥ ትእዛዙ ይሻራል ማለት አይደለም፤ ትእዛዙ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል እንጂ፣ ስለዚህም ደንብ አውጪው ጥቅሱን ከመጥቀሱ በፊት የአገሩን የአሁን ልማድ ማየት ይኖርበታል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጥ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ በተደነገገና የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሥነ ምግባር ወይም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ ወይም መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆኑን ለማረጋገጥ አስፈላጊ በሆነ ገደብ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መከልከላቸውን ተከትሎ የተነሣውና ፍርድ ቤት የደረሰው ክርክር በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል የተነሣ ነው። አንቀጽ 90 የሚናገረው ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ ነው፤ የተማሪዋ ሻሽ ትምህርቱን ሃይማኖታዊ አያደርገውም። የሉተኑን ፍርድ ለዚህ ዓይነት ክልከላ ድጋፍ አድርጎ መጥቀስም አይቻልም፤ ምክንያቱም ያ ትምህርት ቤት የራስ መሸፈኛን ፈቅዶ ነበር፣ ከዳኞቹም አብዛኞቹ የተማመኑት ለተማሪዋ ሌላ የተከፈተ በር በመኖሩ ላይ ነበር። የአንድ ከተማ በሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ክልከላ ከለጠፉ፣ ወይም ወረዳው ያለው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ፣ ያ ፍርድ የቆመበት መሠረት ይጠፋል።

ስለዚህ የሴት ተማሪዎችን የደንብ ልብስ ለመቀየር የተሰበሰበ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ ጨርቅ ከማዘዙ በፊት በረቂቁ ውስጥ ካሉት ትእዛዛትና ክልከላዎች ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ይህ ባይታዘዝ በትምህርቱ ወይም በሌሎች ተማሪዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍር፤ መልስ ያልተገኘለትን ይሰርዝ፤ የቀረውንም ለብሰውት ለሚሮጡትና ለሚጸልዩት ልጃገረዶች አስቀድሞ ያሳያቸው። የሉተኗ ተማሪ የመጨረሻው ፍርድ እስኪሰጥ አልጠበቀችም፤ ሁለት የትምህርት ዓመታት ከባከኑባት በኋላ በ2004 ጂልባብ ወደሚፈቅድ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር።