ስለ ታመነ ወዳጅና ስለ ምሥጢር አደራ

አንባቢ ሆይ፥ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችን ሁለት ቃላትን ሲያደባልቁ ብዙ ጊዜ ይታያል። አንዱ ኮንፊደንት ነው፤ ትርጓሜውም በራሱ የተማመነ፥ የማይጠራጠር ማለት ነው። ሁለተኛው ኮንፊዳንት ነው፤ ትርጓሜውም ምሥጢር የሚነገረው፥ የታመነ ወዳጅ ማለት ነው። በእንግሊዝ ፊደል ሲጻፉ የሚለዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ በፊተኛው ኢ የምትባለዋ፥ በኋለኛው ኤ የምትባለዋ ትገባለች። በእኛም ፊደል ቢሆን ልዩነቱ ግዕዙ ደ ራብዕ ዳ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሲሬ ወይም በአሰላ የሚማር ልጅ፥ ወዳጄ ምሥጢሬን የሚጠብቅ ነው ለማለት አስቦ፥ በራሱ የሚተማመን የሚለውን ቃል ጽፎ ይገኛል።

ይህን መምህሩ በቀይ ቀለም ያርመዋል፤ ነገሩም በደብተሩ ላይ ያልቃል። በኑሮ የሚደረገው ስሕተት ግን በቀይ ቀለም አይታረምም። በራሱ ብቻ የተማመነ ሆኖ ሳለ፥ የታመንሁ ወዳጅ ነኝ የሚል ብዙ ነውና። እንግዲህ ይህን ስም በብዕር ብቻ ሳይሆን በምግባርም እንዴት በቅን ልንጠራው እንደሚገባ እንመርምር።

ሁለቱም ቃላት ማመን ከሚለው የላቲን ቃል የተወለዱ ናቸው። የእኛም ቋንቋ እንዲሁ ነው፤ አመነ ከሚለው ግሥ አማኝም ታማኝም ምእመንም ይወጣሉ። በሲሬ ገበያ ኦሮምኛ የሚናገረው ገበሬ ማመንን አመኑ ይለዋል፤ እስላሙ ነጋዴ በሰው እጅ ያኖረውን አደራ አማና ይለዋል፤ ክርስቲያኑም ጸሎቱን ሲፈጽም አሜን ይላል። አንዱ ከደጋ ስንዴና ገብስ፥ ሌላው ከቆላ በቆሎ ይዞ በአንድ ገበያ የሚገናኘው ይህ ሕዝብ፥ በቋንቋና በሃይማኖት ቢለያይም፥ ስለ እምነት የሚናገርባቸውን ቃላት ከአንድ ምንጭ ቀድቶአል።

ነገር ግን ልዩነቱን አስተውል። አማኝ ማለት እርሱ ራሱ የሚያምን ነው፤ ታማኝ ማለት ግን ሌላው ሰው ያመነው ነው። ማመን በእኔ ፈቃድ ይሆናል፤ መታመን ግን ያለ ባልንጀራዬ ምስክርነት አይሆንም። ስለዚህ ማንም ሰው ራሱን ምሥጢረኛ ብሎ ሊሾም አይችልም። «ለእኔ ንገረኝ፥ እኔ እኮ አላወራም» እያለ የሰውን የልብ ደጅ የሚያንኳኳ ሰው፥ ገና ያልተሰጠውን ሹመት ለብሶ ይሄዳል።

ጴጥሮስን አስብ። ሌሎቹ ሁሉ ቢክዱ እርሱ እንደማይክድ በጌታው ፊት ተናገረ፤ በዚያችም ሌሊት ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ካደ። በአፉ የተናገረው በልቡ የነበረውን ነው፤ አልዋሸም። በራሱ የተማመነ ነበረ፤ የታመነ ግን ገና አልነበረም። ጌታ በጎቹን በአደራ የሰጠው መራራ ልቅሶ ካለቀሰ በኋላ፥ ስለ ራሱም መመካትን ከተወ በኋላ ነው።

አሁን ምሥጢረኛ ወዳጅ ያልሆነውን እንለይ።

1ኛ፤ አብሮ የሚበላና የሚጠጣ ሁሉ ምሥጢረኛ አይደለም። ቡና አጣጭ አለ፥ ጎረቤት አለ፥ እድርተኛ አለ፥ የትምህርት ጓደኛ አለ። እነዚህ ሁሉ የተከበሩ ስሞች ናቸውና ሰውን በየስሙ ማክበር ይገባል። ለሁሉ ልቡን የሚዘረግፍ ሰው ሁሉን የወደደ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በማያውቀው ትከሻ ላይ ሊሸከመው የማይችለውን ሸክም መጫኑ ነው። አባቶቻችን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ማለታቸው ስለዚህ ነው።

2ኛ፤ ባለሟል ምሥጢረኛ አይደለም። ባለሟል ወደ ጌታው የሚቀርበው ሞገስ ስለሚያገኝ ነው፤ ሞገሱ ሲጎድል ምሥጢሩን ይዞ ወደ ሌላ ደጅ ይሄዳል። አኪጦፌል የዳዊት መካር ነበረ፤ አቤሴሎም ሲያይል ግን የንጉሡን ጠባይና መንገድ የሚያውቅበትን እውቀት ለጠላቱ ሰጠ። ኩሲ ግን ንጉሡ አልቅሶ በሚሰደድበት ቀን ወዳጁ ሆኖ ተገኘ። ከአገራችን ታሪክም ምሳሌ አለ። ጆን ቤል የተባለ እንግሊዛዊ የዐፄ ቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ ነበረ። ይህ ሹመት በጦርነት ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶ፥ በንጉሡ ላይ የሚመጣውን ጦር በራሱ ላይ መቀበል ነው። ቤልም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. ለንጉሡ ሲዋጋ ሞተ። የታመነ ወዳጅ የሚታወቀው በግብር አዳራሽ ሳይሆን እንዲህ ባለ ቀን ነው።

3ኛ፤ ግብረ አበር ምሥጢረኛ አይደለም። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ላይ ቆም ብለህ እንድታስብ እለምንሃለሁ፤ ብዙ ቅን ሰው የሚጨነቅበት ጥያቄ እዚህ አለና። አንድ ሰው የእድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሳለ ከሣጥኑ ወስዶ ለራሱ ጉዳይ አዋለ እንበል። ሌሊት ወደ አንተ መጥቶ፥ ለማንም እንዳትናገር ብሎ አምሎህ ይህን ነገረህ። ምን ታደርጋለህ? ዝም ብትል ሐዘን የሚደርስባቸው ድሆች ሣጥኑን ባዶ ሊያገኙት ነው፤ ብታወራ አደራህን በላህ።

መልሱ በሁለቱ መካከል ያለ ጠባብ መንገድ ነው። ምሥጢሩን ከገበያ ጠብቀው፤ ሰውየውን ግን ከኃጢአቱ ጋር ብቻውን አትተወው። በማግሥቱ ለብቻው ሂድና ቀን ቁረጥለት። ገንዘቡን እንዲመልስ እርዳው፤ ለዳኛው ራሱ እንዲናገር ምከረው፤ ቢፈራ አብረኸው ሂድ፤ ያለህም ቢሆን ከኪስህ ጨምርለት። እንቢ ቢልህ ግን፥ ከዚህ በኋላ ዝም እንደማትል አስቀድመህ ለእርሱ ንገረው፤ ከዚያም ነገሩን ለሚያቀናው ሰው ብቻ እንጂ ለሌላ አትናገር። የወዳጅን ነውር መሸፈን ፍቅር ነው፤ በሌላው ድሃ ላይ የሚደረገውን ግፍ መሸፈን ግን ግብረ አበርነት ነው።

የሰው ደም የሚፈስበት ምክር ከሆነ ደግሞ ቀን መቁረጥም የለም። ሳኦል ዳዊትን ለመግደል ያሰበውን ለልጁ ለዮናታን በነገረው ጊዜ፥ ዮናታን የአባቱን ምክር ለዳዊት ገለጠ። የጳውሎስ የእኅቱ ልጅም አይሁድ አጎቱን ለመግደል የተማማሉትን ሰምቶ ወደ ሰፈሩ ገብቶ ተናገረ። ስለዚህ ማንም አደራ የንጹሕን ሰው ነፍስ ሊያስጠፋ አይችልም፤ አደራን ሁሉ የሚመረምር እግዚአብሔር ከሁሉ በላይ ነውና።

ሌላም በእኛ በምእመናን መካከል ያለ የተሸሸገ ስሕተት አለ። ወንድማችን ፈተናውን በምሥጢር ይነግረናል፤ እኛም በጸሎት ማኅበር ቆመን «ወንድማችን እገሌ በእንዲህ ያለ ነገር ተይዞአልና ጸልዩለት» እንላለን። ቃሉ የጸሎት ነው፤ ሥራው ግን የሐሜት ነው። እግዚአብሔር የሰውየውን ስምና ነውር ያውቃልና፥ እንዲሰማን በጉባኤ መካከል ማስታወቅ አያስፈልገውም። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ የተላከ ደብዳቤ ወይም ሥዕል በአንድ ሰዓት ከሲሬ አሰላ፥ ከአሰላ አዲስ አበባ ይደርሳል። የወጣውንም መልሶ የሚሰበስብ የለም፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና።

ደግሞም አስተውል፤ የሰው ልብ አንድ ጊዜ ከተከዳ ሁለተኛ ለመከፈት ይቸገራል። ምሥጢሩ የወጣበት ሰው ኃጢአቱን ለመናዘዝ፥ ሕመሙን ለመናገር፥ ምክርም ለመጠየቅ ይፈራል። ስለዚህ አንድ ምሥጢር ያወጣ ሰው አንድ ቃል ብቻ አላጠፋም፤ አንድ ነፍስ እርዳታ የምታገኝበትን በር ዘጋ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወንድሜም ብትሆን እኅቴም ብትሆኚ፥ ይህን ስም በቅን መጥራት ማለት እንዲህ ነው። ለራስህ አትስጠው፤ ሌላው ይስጥህ። በሰጠህ ጊዜ በፍርሃት ተቀበለው። ለሌላውም በችኮላ አትስጠው፤ በጥቂቱ የታመነውን አይተህ ስጠው። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ባሪያዎች ሳይሆን ወዳጆች ያላቸው፥ ከአባቱ የሰማውን ሁሉ ስላስታወቃቸው ነው። የእኛንም ነውር ሁሉ ያውቃል፤ በጎዳናም አልገለጠብንም። በእንዲህ ያለ ወዳጅ ዘንድ ምሥጢሩ የተጠበቀለት ሰው የባልንጀራውን ምሥጢር ሊጠብቅ ይገባዋል።

እግዚአብሔር በከንፈራችን ላይ ጠባቂ ያኑር፤ የታመንን ሆነንም እንድንገኝ ይርዳን። አሜን።