የጦር መሣሪያና የመሪ ኅሊና

ጦርነት ባለፈበት አገር የሚያስተምር ካቴኪስት ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ይኸውም «የገደለው መሣሪያው ነው ወይስ ሰውየው? ሰውየው ከሆነስ የተኰሰው፣ ያዘዘው ወይስ መሣሪያውን ገዝቶ ያስመጣው?» የሚል ነው። ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ አይደለም። ከውጊያ ተመልሶ ንስሓ ሊገባ የሚሻ ወጣትም፣ ልጇን የቀበረች እናትም ይጠይቁታል። ሁለት ቀላል መልሶች ይሰጡበታል። አንደኛው «ክፋቱ ከመሣሪያው ነው፤ ዘመናዊ መሣሪያ ባይመጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር» ይላል። ሁለተኛው «መሣሪያ ግዑዝ ነገር ነው፤ ሁሉም የሚወሰነው በያዘው ሰው ነው» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ሆኖም ሁለቱም ሰውን ከኃላፊነቱ ማሸሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

የመጀመሪያውን መልስ አጣዬ ራሷ ትቃወመዋለች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ይህች የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ከጥንት ጀምሮ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የሚጎራበቱባት የይፋት ቆላ አካል ናት። የሰንበቴ ገበያም እነዚህን ሕዝቦች ሲያገናኝ ኖሯል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ግን በአካባቢው በተነሣው ግጭት የከተማዪቱ ብዙ ክፍል ተቃጠለ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዳስታወቀው በመጋቢት ወር ግጭት ብቻ በአካባቢው ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለዚህ ሁሉ ጥፋት ከሰማይ የሚወርድ ቦምብ አላስፈለገም፤ ጠብመንጃና ክብሪት በቅተዋል። እንግዲህ መሣሪያው ቀላል ስለሆነ ብቻ ጦርነት ገር ይሆናል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛውን መልስ ደግሞ የአንቺም ጦርነት ይመረምረዋል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የመጣው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ይኸው አዲስ መሣሪያ በወንድማማቾች ጦርነት ላይ ዋለ። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ሜዳ ከጦር ሚኒስትሩ ከራስ ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊት ጋር ሲገጥሙ፣ በላያቸው የሚበርረው አውሮፕላን መጀመሪያ የውግዘት ቃል የተጻፈበትን ወረቀት፣ በኋላም ቦምብ ጣለባቸው። የራስ ጉግሣ ሠራዊት አውሮፕላን የሚመክትበት ምንም አልነበረውም። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ መሣሪያ ግዑዝ ቢሆንም በመሪው ኅሊና ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ነው። በመጀመሪያ ጊዜን ያሳጥራል። ሠራዊት በእግሩ ሳምንታት በሚጓዝበት ዘመን ሽማግሌ የሚላክበት፣ ቁጣም የሚበርድበት ፋታ ነበር፤ በደቂቃዎች ውስጥ ዒላማውን የሚመታ መሣሪያ ግን ይህን ፋታ ይነሣል። ሁለተኛ፣ ገዳዩን ከሟቹ ያርቃል፤ የራቀው ሰው ፊት ስለማይታይ ርኅራኄ መንገዱን ያጣል። ሦስተኛ፣ መሪውን ባለ ዕዳ ያደርገዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ከኦቶማን ቱርኮች፣ ንጉሡም ከፖርቱጋሎች ነፍጥና ነፍጠኛ እንዳገኙ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህም ቢሆን እርስ በርስ የምንዋጋበት መሣሪያ በአብዛኛው የባሕር ማዶ ሥራ ነው።

ሆኖም የመሪው ድርሻ በዚህ አይቀንስም። «የዱሮ መሪዎች ከሠራዊታቸው ጋር ይዘምቱ ነበር፤ ስለዚህም ጦርነታቸው ክብር ነበረው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እውነት ነው፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ራስ ልዑል ሰገድ በሰሜን ሸዋ፣ በጦራ መስክ፣ ከሠራዊታቸው ጋር ወድቀዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በሰገሌ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከሚመራው የሸዋ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ተማረኩ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን አልፈው በሄዱ ጊዜም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ግንባር እንደሚሄዱ አስታውቀው ሄደዋል፤ በሌላውም ወገን አዛዦች ከተዋጊዎቻቸው ጋር ነበሩ። መሪ ሌላውን በሚልክበት አደጋ ራሱም መገኘቱ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን በሰገሌ መሪዎቹ ሁሉ በሜዳው ተገኝተው ሳለ እጅግ ብዙ የአንድ አገር ልጆች አልቀዋል። ስለዚህ ድፍረት ብቻውን ጦርነትን ጽድቅ አያደርገውም። መሪ የሚመዘነው በደፈረው ብቻ ሳይሆን፣ ማድረግ እየቻለ እምቢ ባለው ነገር ጭምር ነው።

የቅርብ ዘመኑ ጦርነት ይህን በግልጽ ያሳያል። የፌዴራሉ መንግሥት ሠራዊት አውሮፕላንና ከባድ መሣሪያ ይዞ ኅዳር 19 ቀን 2013 ዓ.ም. መቀሌን ያዘ፤ ሰባት ወር ቆይቶ፣ በሰኔ 21 ቀን፣ ለቅቆ ወጣ። የሕወሓት ኃይሎችም እስከ ሰሜን ሸዋ ከደረሱ በኋላ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ ትግራይ ተመለሱ፤ ለዚህም በቱርክ እንደሚሠራው ባይራክታር ያሉ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ብዙ ታዛቢዎች ይናገራሉ። ይህም ጦርነቱን አልቋጨውም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በልደት በዓል፣ በደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ ከአየር በወረደ ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የጦርነቱ ማብቂያ የሆነው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በድሮን ጥቃት ስለሞቱ ሲቪሎች በተደጋጋሚ አስታውቋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዱ ሕዝብ መዳኛ ተብሎ የተወደሰ መሣሪያ በዚያው ሕዝብ ላይ ሲያንዣብብ ታየ። ትናንት በጎረቤቱ ላይ ሲወርድ ዝም ያለ ሰው፣ ዛሬ በእርሱ ላይ ሲወርድ በምን ቃል ይከራከራል?

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ጉዳይ ከጥንት ጀምራ ተጨንቃለች። እ.ኤ.አ. በ1139 የተሰበሰበው ሁለተኛው የላተራን ጉባኤ በዘመኑ አስፈሪ የነበረው ባለ ማስፈንጠሪያ ቀስት በክርስቲያኖች ላይ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። ክልከላው ግን አልተከበረም፤ ጉድለትም ነበረበት፤ ክርስቲያን ያልሆነውም ወንድም ነውና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሐዋርያዊ ሕግ ከመሣሪያው ስም አልፎ ወደ ተግባሩ ሄደ፤ ከተማን ከነነዋሪው ያለ ልዩነት የሚያጠፋ የጦርነት ድርጊት ሁሉ በእግዚአብሔርና በሰው ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን አስተማረ። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ጦርነት ስለ ተነሣ የግብረ ገብ ሕግ እንደማይሻር፣ የታወረ መታዘዝም ከበደል እንደማያነጻ ይናገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2020 በጻፉት መልእክት፣ አዳዲስ መሣሪያዎች ጦርነትን በንጹሐን ላይ መቈጣጠር የማይቻል ኃይል እንዳደረጉት አስጠንቅቀዋል።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በደል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ የሚጠፋ ዕዳ አይደለም። ያዘዘው በትእዛዙ፣ የተኰሰው በመተኰሱ፣ ያቀበለው በማቀበሉ ይጠየቃል፤ የአንዱ መጠየቅ ሌላውን ነጻ አያወጣም። መሣሪያው የበረታ መሪ ከሌላው ይልቅ ሊታገሥ ይገባዋል፤ ብዙ የተሰጠው ብዙ ይፈለግበታልና። ደካማ መሣሪያ የያዘውም ቢሆን በንጹሐን መካከል ተሸሽጎ መዋጋት ወይም ቤት ማቃጠል አይፈቀድለትም።

በመጨረሻ ለእኛ፣ ለምናስተምረውና ለምንማረው፣ በአንቺም ሜዳ የወረደው ወረቀት አንድ ነገር ይነግረናል። ከቦምቡ ቀድሞ የወረደው የሃይማኖት ቃል ነበር። ይህን የምናነሣው የቀደሙትን አባቶች ለመክሰስ አይደለም፤ የእምነት ቃል የጦር መሣሪያ አጃቢ ሊሆን እንደሚችል ለማስተዋል እንጂ። ዛሬ ያ ወረቀት በእያንዳንዳችን የእጅ ስልክ ውስጥ አለ። የአንዱን ወገን ሙት እያለቀስን የሌላውን የምናፌዝበት ከሆነ፣ ጥቃትን በጸሎት ቃል የምናሞግስ ከሆነ፣ አንዲት ጥይት ሳንተኩስ በውጊያው ውስጥ ነን። አጣዬ ኤፌሶን ተብላም ትጠራለች፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጥንቷ ኤፌሶን ምእመናን የጻፈው መልእክትም ክርስቶስ በሁለት ሕዝቦች መካከል የቆመውን የጥል ግድግዳ እንዳፈረሰ ያስተምራል። ስለዚህ ውድ ካቴኪስቶች፣ በየቁምስናችሁ ለሙታን ጸሎት በሚደረግበት ቀን የሁሉም ወገን ሙታን አብረው ይታሰቡ፤ ንስሓ ለሚሻውም ወጣት «አንተ ታዛዥ ነበርህ» ብላችሁ አታሰናብቱት፤ የሠራውን በስሙ ጠርቶ ምሕረትን እንዲለምን እርዱት። መሪዎቻችንም ነገ የሚወጡት ከእነዚሁ ዛሬ ከምናስተምራቸው ልጆች መካከል ነው።