ችሎ መኖር ደህንነት ነውን?

ለመሆኑ ተበዳዩ በደሉን ችሎ መኖሩ የበዳዩን ተጠያቂነት ያቀላልን? «ለምዶታል» እየተባለ ከአቅሙ በላይ የሚጫን አህያ፣ «ቻይ ናት» እየተባለች እረፍት የምትነፈግ የቤት ሠራተኛ በየዓይናችን ሥር ናቸው። የሚፈጸምባቸው ዙልም መሆኑን ለመናገር ዓሊም መሆን አያሻም። ዛሬ ግን ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ አንድ ትንሽና ድምፅ አልባ ፍጡር፣ ለልጆች ስጦታ ተብሎ ወደሚሸጠው ቤታ ዓሣ መሄድ እፈልጋለሁ።

የቤታ አገሩ ታይላንድና አካባቢዋ ነው። የአገሩ ሰዎች «ፕላ ካት» ይሉታል፤ ተናካሽ ዓሣ ማለት ነው። ወንዱ ሌላ ወንድ ካየ አይምርም፤ በዚህ ጠባዩም ሰዎች እያደባደቡ ቁማር ተጫውተውበታል። የሚኖረው በሩዝ ማሳና በረግረግ ነው። በእንዲህ ያለ የታቆረ ውሃ ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ አየር የሚስብበት ልዩ አካል ሰጥቶታል።

ነጋዴው የያዘው ይህንኑ ጸጋ ነው። ሌላ ዓሣ ቶሎ በሚሞትበት ጠባብ ብርጭቆ ቤታ ለሳምንታት ስለሚቆይ «ትንሽ ቦታ ይበቃዋል» ይለናል። ከችግር ማምለጫ የተሰጠው ራሕመት ለማስቸገሪያ ሰበብ ሆነ ማለት ነው! የሩዝ ማሳ ውሃ ጥልቅ ባይሆንም ሰፊ ነው። በብርጭቆ ውስጥ ግን ከዓሣው ቆሻሻና ከምግብ ትራፊ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ ውሃው ጥርት ብሎ እየታየ ዓሣው ይመረዛል። ማጣሪያ ባለው ሰፊ አኳሪየም ውስጥ መርዙን ወደ ቀለለ ነገር የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ይህም ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ቤቱ ከእንግዳው ቀድሞ ይሰናዳ።

20 ሊትር ገደማ የሚይዝ ዕቃ ይበቃል። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ መቀየር እንጂ ሁሉንም ደፍቶ ማጣሪያውን ፈትጎ ማጠብ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ በማርከሻ ይወገድ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ያለ ውሃ ማሞቂያ አይሆንም። የበረደው ቤታ ይፈዝዛል፣ መብላት ይተዋል፣ በሽታም ይደፍረዋል። ምግቡ የትንኝ እጭና መሰል ነፍሳት እንጂ የዳቦ ፍርፋሪ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለች ሴት የተናገሩትን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሴትዮዋ አላበላቻትም፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ልብ እንበል፤ እንስሳ መያዝ በራሱ አልተወገዘም። የአነስ (ረ.ዐ.) ትንሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወፏ በፍቅር ይጠይቁት ነበር። በር የዘጋ ሰው ግን የተዘጋበትን ሪዝቅ በራሱ ጫንቃ ላይ ወስዷል። በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዙዲን ኢብን ዐብዱሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተሰኘው ኪታባቸው የእንስሳትን ሐቆች ሲዘረዝሩ፣ እንስሳውን ከራሱም ሆነ ከሌላ ዝርያ ከሚጎዳው ጋር አለማኖርን አንዱ አድርገውታል። ሁለት ወንድ ቤታዎችን በአንድ ዕቃ ለሚያኖር ከዚህ የቀረበ ፈትዋ ከየት ይመጣል?

«ጠብሰን የምንበላው ዓሣ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ዓሣ ያለ ዕርድ እንኳ ሐላል ነው። የመብላት ፈቃድ ግን የማሰቃየት ፈቃድ አይደለም፤ ለምናርደው በግ እንኳ ቢላዋ እንድንስልለት ታዘናል። ደግሞስ ይህኛው ለዓይናችን ደስታ ብቻ ያሰርነው ነው። «ሰው እየተራበ!» ለሚልም መልሱ ቀላል ነው፤ ይህ ዓሣውን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ነው፤ የገዙትን ለማስራብ ግን አይሆንም።

ቤታ በደህና ከተያዘ ሦስት ዓመት ያህል ይኖራል። የልጆቹ ጉጉት የሚያልፈው ከዚያ በፊት ነው። ሲያረጅ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ክንፎቹም ይሳሳሉ። እኚሁ ዓሊም እንስሳው ታሞ ወይም ደክሞ ጥቅም ባይሰጥም ወጪው በባለቤቱ ላይ እንደሚቆይ ጽፈዋል። የሰለቸው ሰው ወንዝ ውስጥ ከሚጥለው፣ ማሞቂያውንና ዕቃውን ጨምሮ ለሚንከባከበው ጎረቤት ያስረክበው።