መሪ የሚባለው ማን ነው?

መሪ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጉልበቱ የበረታ፣ ድምፁ የጎላ፣ ስሙም አስቀድሞ የሚጠራ ሰው ነው። ከዚህ አስተሳሰባችን ጋር የማይስማማ አንድ ምሳሌ እስቲ እንመልከት። ምሳሌውን የምናገኘው በአላስካ ምድር የበረዶ ጋሪ ከሚጎትቱ ውሾች ነው።

እነዚህ ውሾች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ረጅም ገመድ ይጠመዳሉ። ጉልበተኞቹ ከጋሪው አጠገብ ይሆናሉ፤ ክብደቱን ይበልጥ የሚችሉት እነርሱ ናቸውና። ፊት የሚቆመው መሪ ግን ከሁሉ ግዙፍ መሆን አያስፈልገውም። የነጂውን ቃል የሚሰማ፣ በረዶ የሸፈነውን መንገድ የሚለይና ሌሎቹ የሚከተሉት ከሆነ ይበቃል። ልጓም የለም፤ ነጂው ቀኝና ግራ የሚያዘው በድምፁ ብቻ ነው።

ከባዱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ትእዛዙ ወደ ስስ በረዶ የሚያስገባ ቢሆን መሪው ውሻ ምን ያድርግ? ጥሩ መሪ እንቢ ብሎ ይቆማል፤ በረዶውን በእግሩ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ታዲያ ይህን እንቢታ ከስንፍና በምን እንለየዋለን? ሰነፍ በከበደው መንገድ ሁሉ እንቢ ይላል። ጥሩው መሪ ግን በብርዱም በዳገቱም ሲታዘዝ የኖረ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ሲቆም ይታመናል። ከኋላው በዚያው ገመድ የታሰሩ ብዙዎች ስላሉም እንቢታው ለራሱ ብቻ አይደለም።

በ1925 እ.ኤ.አ. በብርዱ ወራት ኖም በምትባል የአላስካ ከተማ ጉሮሮ የሚዘጋው የዲፍቴሪያ በሽታ ገባ። 20 ያህል ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ መድኃኒቱን 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በ5 ቀን ተኩል አደረሱ። ከሁሉ የረዘመውን ርቀት የሸፈነው ሌናርድ ሴፓላ ነበር፤ መሪ ውሻውም ቶጎ ይባላል፤ ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ነበር። መድኃኒቱን ከተማ ያስገባው ግን ጉናር ካሰን ሲሆን ከፊት የነበረው ውሻ ባልቶ ነው። ስለዚህ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ሐውልት የቆመው ለባልቶ ሆነ። ለቶጎ በዚያች ከተማ ሐውልት የቆመለት በ2001 እ.ኤ.አ.፣ ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ባልቶን ልንነቅፍ አይገባም፤ ነጂው በነፋስና በበረዶ ማየት ባቃተው ሰዓት መንገዱን ያልሳተ ውሻ ነው። የሚነቀፈው የእኛ የሰዎች ልማድ ነው፤ የምናመሰግነው መጨረሻ ላይ የታየንን ብቻ ነውና። እኛም አንድ ዝግጅት በመልካም ሲፈጸም የምናጨበጭበው ለተናጋሪው ነው። ከሌሊት ጀምሮ ወንበር የተሸከሙትን ስማቸውን እንኳ ያነሣንላቸው ጊዜ ጥቂት ነው። ይህን ስንጽፍ አፍረናል።

ቶጎ ሐውልት እንደሚቆምለት ሳያውቅ ሮጠ፤ ባልቶም እንዲሁ። ከመካከላችን አንዱ ኃላፊነት ሲሰጠው «ስሜ ይጠራ ይሆን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ከእኔ ጋር በአንድ ገመድ የታሰሩት በደኅና ይደርሱ ይሆን?» ብሎ ይጠይቅ። ከኋላ የምንጎትትም ብንሆን፣ ፊት ያለው እንቢ ብሎ ሲቆም ከመግፋታችን በፊት እግሩ ምን እንዳገኘ እንጠይቀው።