ከኋላችን ለሚመጣው

ሰው ለማያየውና ለማያውቀው ሰው ግዴታ አለበትን? ለወላጆቻችን፣ ለመምህሮቻችንና ለጎረቤቶቻችን ምን ማድረግ እንደሚገባን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ብንዘነጋ የሚያስታውሰን፣ ብናጠፋም የሚወቅሰን አለ። ከእኛ በኋላ በዚያው መንገድ ለሚያልፈው፣ ስማችንንም ለማያውቀው ሰውስ? እርሱ ሊወቅሰን አይችልም፤ ቢያመሰግነንም አንሰማውም። ይህን ጥያቄ ለውይይት የምናቀርበው በትምህርት ክፍል ስላነሣነው ብቻ አይደለም። ጥቂቶቻችን በብርድ ወራት በእንግሊዝ አገር ከበርሚንግሃም ከተማ እስከ ዉስተር ከተማ በጀልባ ስንጓዝ በየደረስንበት ስለገጠመን ጭምር ነው።

በአገራችን ክረምት ሲባል ወደ ሐሳብ የሚመጣው ዝናቡና ጭቃው ነው። የእንግሊዝ ክረምት ግን ሌላ ነው። በታኅሣሥና በጥር የቀኑ ብርሃን ከስምንት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ውሃውም አንዳንድ ማለዳ ስስ በረዶ ለብሶ ያድራል። የተጓዝንበት ጀልባ ወርዱ ከ2 ሜትር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሲሆን፣ የዚህ ዓይነቱ ጀልባ ርዝመት እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ በእግሩ ከሚሄድ ሰው ብዙም አይበልጥም። በእንዲህ ያለ ጉዞ ከተማውን የምናየው ከጓሮው በኩል ነው፤ የፋብሪካ ግድግዳ፣ የድልድይ ሥር፣ የመኖሪያ ቤቶች ጀርባ። በዚያ ወቅት በቦዩ ላይ የሚንቀሳቀስ ጀልባ ጥቂት ስለሆነ፣ ሰው የሚያደርገውን የሚያይ ዐይን እምብዛም የለም።

እዚህ ላይ ቦይና ወንዝ አንድ አለመሆናቸውን ማስረዳት ያስፈልጋል። ወንዝ የራሱ ምንጭና የራሱ አካሄድ አለው። ቦይ ግን በሰው እጅ የተቆፈረ፣ ውሃውም ተቆጥቦ የሚሰጠው ነው። የድንጋይ ከሰል ወደ ማንቸስተር ያመላለሰው የብሪጅዎተር ቦይ እ.ኤ.አ. በ1761 ተከፈተ። በዚያ ሥራ ስሙ የታወቀው መሐንዲስ ጄምስ ብሪንድሊ ለበርሚንግሃምም ቦይ ነደፈ፤ እርሱም በ1772 ተፈጸመ። በርሚንግሃም ከፍ ባለ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ለቦዮቿ የሚበቃ ትልቅ ወንዝ አልነበራትም። ስለዚህ ውሃውን በኩሬ ማጠራቀም ግድ ሆነ፤ ቶማስ ቴልፎርድ በ1820ዎቹ ያስፋፋው የኤጅባስተን ኩሬ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራ ነው።

መሬቱ ዝቅ ሲል ጀልባው የሚወርደው፣ ከፍ ሲልም የሚወጣው ሎክ በሚባል ክፍል አማካይነት ነው። ሎክ ከፊትና ከኋላ በር ያለው፣ ግድግዳው በጡብ ወይም በድንጋይ የታነፀ ጠባብ የውሃ ክፍል ነው። ወደ ታች የሚሄድ ጀልባ ክፍሉ ሞልቶ ሳለ ይገባል። ከዚያ የላይኛው በር ይዘጋና በታችኛው በር በኩል ያሉት ትንንሽ የውሃ መልቀቂያዎች በእጅ መዘውር ይከፈታሉ። ውሃው ሲወጣ ጀልባውም አብሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ እንዲህ ወደ ታች የሚሄደው ውሃ 100,000 ሊትር ያህል ነው። ከበርሚንግሃም እስከ ዉስተር ባለው 48 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 58 ሎኮች ይገኛሉ። ከእነዚህም 30ዎቹ ታርድቢግ በሚባለው ስፍራ እንደ ደረጃ ተከታትለው ይወርዳሉ።

እንግዲህ ጀልባው ካለፈ በኋላ የሚቀር አንድ ሥራ አለ። ከተጓዦቹ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ መልቀቂያዎቹን መድፈንና በሩን መዝጋት አለበት። ይህ ሥራ ላለፈው ጀልባ የሚሰጠው ጥቅም የለም። እንዲያውም ያዘገየዋል፤ በበረዶ የሚያዳልጠውን ድንጋይ እንደገና ያስረግጠዋል፤ ብርድ ያጠናፈረውን እጅ እንደገና ብረት ያስጨብጠዋል። የሚጠቅመው ከኋላ የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ያውም የሚመጣ ካለ።

በታርድቢግ አንድ ማለዳ ይህን በዐይናችን አየን። በሁለት ሎኮች መካከል ያለው ውሃ ሌሊቱን ወርዶ አልቆ፣ ጭቃው ወጥቶ ጠበቀን። ከእኛ በፊት ያለፈ ሰው አንዱን መልቀቂያ በሚገባ ሳይደፍን ሄዷል። በላይኛው በር ስንጥቅ የሚገባው ውሃ መውጫ ስላገኘ ጠብ እያለ አድሮ፣ አጭሩን ቦይ ባዶ አደረገው። ከላይ ውሃ እየለቀቅን እስክንሞላው ድረስ ግማሽ ቀን ቆምን። ከኋላችን በጀልባው ላይ የሚኖር አንድ አዛውንት ደረሱ። የምድጃቸው ከሰል ሊያልቅ ተቃርቦ ወደሚሸጥበት ቦታ ለመድረስ ቸኩለው ነበር። አንዳች የቁጣ ቃል ሳይናገሩ መዘውራቸውን ይዘው ያግዙን ጀመር። ከእኛ መካከል አንዱ፣ «ይህን ያደረገውን ሰው ባገኘው!» አለ። ሌላዋ እኅታችን ግን፣ «ችግሩ እኮ እርሱም እኛን አለማግኘቱ ነው፤ ፊታችንን ቢያይ ኖሮ ይመለስ ነበር» አለችው።

ይህ አነጋገር የጥያቄውን ሥር ይነካል። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ግላውኮን ስለ አንድ የልድያ እረኛ እንዲናገር ያደርገዋል። እረኛው ሲያዞረው ከሰው ዐይን የሚሰውር ቀለበት አገኘ፤ በዚያም ተጠቅሞ ንጉሡን ገደለና መንግሥቱን ያዘ። ግላውኮን የሚያቀርበው ክርክር፣ ሰው ጻድቅ የሚሆነው ስለሚታይ ብቻ ነው፤ ቀለበቱን ለሁለት ሰዎች ብንሰጥ ጻድቁም ዐመፀኛውም አንድ መንገድ ይሄዳሉ የሚል ነው። ዳሩ ግን ቀለበቱን ለማግኘት ተረት መፈለግ አያሻንም። በጥር ወር ጭጋግ በሎኩ ዳር ብቻውን የቆመ ሰው ሁሉ ቀለበቱን በጣቱ አጥልቋል። ንጉሥ እንዲገድል የሚፈትነው የለም፤ የሚፈተነው በሃያ እርምጃ ነው። ታላቁን ወንጀል ብዙዎቻችን አንሠራውም። ሃያውን እርምጃ ግን ስንቶቻችን እንመለሳለን?

አንዳንዶች፣ «በብርድ ከሚንቀጠቀጥ ሰው ይህን መጠየቅ ጭካኔ ነው» ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የባቡር ሐዲድ የቦዩን ንግድ ሲሻማ ብዙ የጀልባ ሠራተኞች የቤት ኪራይ መክፈል ስላልቻሉ ሚስትና ልጆቻቸውን ወደ ጀልባው አስገቡ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ርዝመቷ 3 ሜትር ያህል በሆነች ክፍል ይኖር ነበር። የሚከፈላቸው ባደረሱት ጭነት ልክ ስለነበረ ውሃው በረዶ ሲሆን ገቢያቸው ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1962 መጨረሻ እስከ መጋቢት 1963 መጀመሪያ በቆየው ታላቅ ብርድ ቦዮቹ ለብዙ ሳምንታት ረግተው ቆዩ፤ ቀድሞውንም የተዳከመው የጀልባ ጭነት ንግድ ከዚያ በኋላ አላገገመም። ለእነዚህ ሰዎች አንዲት ሰዓት እንጀራ ነበረች። እንግዲህ ግዴታውን የምንመዝነው በሁለት ወገን ነው፤ እኛን ምን ያስከፍለናል? ከኋላ የሚመጣውንስ ምን ያድነዋል? ለተርታው መንገደኛ ዋጋው አምስት ደቂቃ ነው፤ የሚያድነው ግን የሌላውን ግማሽ ቀን ነው። ዋጋው የልጆች ራት በሚሆንበት ጊዜ ግን ሸክሙ ለድሃው ብቻ ሊተው አይገባም። ውሃውንና መንገዱን በእጃቸው የያዙት ሊሸከሙት ይገባል።

በእጃቸው የያዙት ያደረጉትንም ታሪክ ጽፎታል። ጉዟችን በተጀመረበት በበርሚንግሃም ጋዝ ስትሪት የዉስተር ባር የሚባል ግንብ አለ። የዉስተሩ ቦይ እዚያ ሲደርስ የቀድሞው የበርሚንግሃም ቦይ ኩባንያ ውሃዬ ይወሰድብኛል ብሎ ሁለቱ ውሃዎች እንዳይገናኙ ከለከለ። ስለዚህ 2 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ግንብ በመካከላቸው ቆመ። እስከ 1815 ድረስ ለ20 ዓመታት ያህል ዕቃው ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው በሰው ጉልበት ግንቡን ተሻግሯል። ከዚያ ግንቡ ተከፍቶ መተላለፊያ ሎክ ተሠራበት። ይህ የሚያስተምረን ቁጠባ ሁሉ መልካም አለመሆኑን ነው። መልቀቂያውን የሚደፍነውም ኩባንያውም ውሃ ይጠብቃሉ። ልዩነቱ፣ አንዱ ሌላው እንዲያልፍ ሲል ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ሌላው እንዳያልፍ ሲል ይጠብቃል።

በሌላ በኩል ብርዱ ወራት የጥገና ወቅትም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ አብዛኞቹን ቦዮች የሚያስተዳድረው የበጎ አድራጎት ድርጅት ዋና ዋናውን ጥገና የሚያካሂደው ተጓዥ በሚያንስበት በዚህ ጊዜ ነው። ሠራተኞች ሎኩን አድርቀው ወደ ጭቃው ይወርዳሉ፤ ያረጀውን በር አውጥተው አዲስ ይተክላሉ። ከኦክ እንጨት የሚሠራ በር 25 ዓመት ያህል ያገለግላል። ስለዚህ ዛሬ በሩን የሚጠርበው አናጢ ገና ላልተወለደ ሰው እየሠራ ነው ማለት ነው። እኛ በሰላም ያለፍንባቸው ሎኮች ሁሉ እንዲህ ያሉ፣ ስማቸውን የማናውቅ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። ዕዳችንን ለእነርሱ መመለስ አንችልም፤ መክፈል የምንችለው ወደ ፊት፣ ለሚመጣው ብቻ ነው።

በመጨረሻ ቦዩ ዉስተር ከተማ ሲደርስ በዲግሊስ በኩል ወደ ሴቨርን ወንዝ ይገባል። በክረምት ይህ ወንዝ ብዙ ጊዜ ሞልቶ የከተማይቱን ዳርቻ ያጥለቀልቃል። በቦዩ ላይ ግዴታው መልቀቂያን መድፈን ነበር፤ እዚህ ግን ጀልባን አስሮ መቆም ነው። አንድ ደፋር፣ «ሕይወቱ የራሴ ናት» ብሎ ወደ ጎርፉ ቢገባ፣ እርሱን ለማውጣት የማያውቃቸው ሰዎች ሕይወታቸውን አሳልፈው ይሰጣሉ። እኛም ወንዙን ከዳር ሆነን አይተን ጉዟችንን በዚያው ፈጸምን። አለመሄድም ለማይታየው ሰው የሚደረግ ሥራ መሆኑን ተረዳን።

የተወደዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፤ የቦዩ ነገር ሩቅ አገር ነው፤ መልቀቂያው ግን በየቤታችን አለ። የሰፈር ቦኖ ውሃ፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነው መጽሐፍ፣ የጋራ ኩሽና፣ ትምህርታችንን ጨርሰን ለሚቀጥለው ክፍል የምንተወው አዳራሽ፣ ሁሉም ከኋላችን የሚመጣ ሰው አላቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ አዎን፣ ግዴታ አለብን። ምክንያቱም እኛ ራሳችን ለማያውቁን ሰዎች ከኋላ መጥተን ዝግጁ መንገድ ያገኘን ነን። የማይታይ ሰው የሌለ ሰው አይደለም፤ ገና ያልደረሰ ሰው ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን በዚህ ሳምንት ሳንደፍን የተውነው መልቀቂያ የትኛው እንደሆነ አስበን ብንመጣ ውይይታችን ፍሬ ይኖረዋል።