አረጋውያንን ስለ መጦርና ስለ ማኅበር ተራቸው



አባትንና እናትን ማክበር ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ማክበር ማለት ምንድር ነው ብሎ ራሱን የጠየቀ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ያረጀውን ሰው ካበላነው፥ ካለበስነውና ከሥራ ካሳረፍነው ትእዛዙን የፈጸምን ይመስለናል። ይህ አሳብ ሊመረመር ይገባዋል፤ ሰውን ከድካም የምናሳርፍ እየመሰለን ከሰው መካከል ልናወጣው እንችላለንና።

ጦረ የሚለው የአማርኛ ቃል፥ ተሸከመ ከሚለው ከግእዙ ጾረ ጋራ ዘመድ ነው። ጡረታ፥ ጡረተኛ፥ መጦሪያ የሚባሉትም ከዚሁ የወጡ ናቸው። መንግሥት በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 209 ለሠራተኞቹ ጡረታን ደነገገ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ቍጥር 715 ይህንኑ መብት አገኙ። ለገበሬውና ለባልቴቲቱ ግን ጡረታቸው ልጅና ጎረቤት ነው። ልጅም ጎረቤትም ላጡት እንደ መቄዶንያ ያሉ የመርጃ ማእከሎች ተነሥተዋል፤ መቄዶንያ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቢኒያም በለጠ የተመሠረተ ነው። ይህ ሁሉ መሸከም ነው፤ መልካምም ነው። ሆኖም የአሸካከም ልዩነት አለ። ሕፃን ያዘለች እናት ሕፃኑን ታነጋግረዋለች፤ እንጨት የተሸከመ ሰው ግን እንጨቱን አያነጋግርም።

ነገሩ ከሩቅ እንዳይሆንብን አንድ ስፍራ እንያዝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በቦርከና ሸለቆ፥ በጨፋ ሜዳ ሲያልፍ ከሚሴን ያገኛል። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ናት፤ ሕዝቧ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል፤ አብዛኛው ሙስሊም ነው፥ የክርስቲያኑም ቍጥር ጥቂት ነው። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣቶች ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም አልፈው ባሕር ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ይሄዳሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ግጭትና ጦርነት በዚህ አገር በደረሰ ጊዜም ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለይቷል። የሄዱት ልጆች ገንዘብ ይልካሉ፤ ይህን የሚነቅፍ አይገኝም፤ ለወላጅ የሚገባውን ቍርባን ነው እያሉ የሚያስቀሩትን ጌታችን ገሥጿቸዋልና። ነገር ግን የተላከው ብር እህል ይገዛል እንጂ ከእናት ጋራ ተቀምጦ ቡና አይጠጣም። ይህኛው ዕዳ በጎረቤትና በማኅበር ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ከተማ አንዲት ባልቴት አለች እንበል። በጽዋ ማኅበሯ አርባ ዓመት ያህል ጠላዋን ስትጠምቅ፥ ዳቦዋን ስትደፋ፥ ተራዋን ሳታጓድል ኖራለች። አሁን ጕልበቷ ደከመ፤ የእህሉም ዋጋ ወጣ። ማኅበርተኞቹም አዝነውላት፥ «እናታችን፥ ከእንግዲህ እርስዎ አይድከሙ፤ ተራዎን እኛ እንወስደዋለን፤ መጥተው ይጠጡ ብቻ» ይሏታል። አመስግና ትቀበላለች። በመጀመሪያው ወር ትመጣለች፤ በሁለተኛውም ትመጣለች። በሦስተኛው፥ «ወገቤን አሞኛል» ትላለች። ተራ ሳይኖራት የምትጠጣው ጽዋ የሰው እጅ እንደ ማየት ሆኖባታል። ከዚያ በኋላ ድርሻዋ በልጅ እጅ ይላክላታል፤ ጥቂት ቈይቶም መላኩ ይረሳል። ማንም ክፉ አላሰበባትም፤ እርሷ ግን ከማኅበሩ ወጥታለች። በሰንበቴም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። (በዚያው ዞን በእሑድ ገበያዋ የታወቀች ሰንበቴ የምትባል ከተማ አለች፤ እኛ የምንናገረው ግን ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ስለሚቀመጡት ሰንበቴ ነው።)

በዚህ ነገር ከወንዱ ይልቅ ሴቲቱ ትጐዳለች። ሽማግሌ የሚለው ስም ዕድሜንም ሹመትንም ያመለክታል፤ በኦሮምኛ ጃርሳ የሚባለውም እንዲሁ ነው። በወሎ ደም ለማድረቅ፥ ባልና ሚስት ለማስታረቅ፥ ድንበር ለመለየት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ አብረው ይቀመጣሉ። በቅሬም ያረጀው ሰው መቃብር ባይቈፍር፥ ድንኳን ባይተክል ቃሉ ይፈለጋል። አሮጊት የሚለው ስም ግን ዕድሜን ብቻ ይናገራል፤ ሹመት የለበትም። የእርሷ ሹመት ቡናዋ፥ ምርቃቷና የማኅበር ተራዋ ነው። ተራዋን ስናነሣላት ሸክም ያነሣንላት ይመስለናል፤ ያነሣነው ግን ወንበሯን ነው።

አንድ ሰው፥ «ደካማይቱን እንድትደክም ማስገደድ ይገባልን?» ቢል ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጌታችን በመዝገቡ አንጻር ተቀምጦ ሕዝቡ መባ ሲጥል ሲመለከት ድሃይቱ መበለት ያላትን ሁሉ፥ ሁለቱን ሳንቲም ጣለች። «ለራስሽ አስቀሪው» አላላትም፤ ስጦታዋን አከበረ እንጂ። ዳሩ ግን ይህን የጻፈው ወንጌላዊ ማርቆስ ጥቂት ቀደም ብሎ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጌታ እንደ ነቀፈ ጽፏል። ሁለቱ አብረው ካልተነበቡ እንሳሳታለን። ማኅበር የባልቴቲቱን ጎተራ ማራቈት የለበትም፤ እጇንም ከመስጠት መከልከል የለበትም።

ስለ ገለዓዳዊው ስለ ቤርዜሊም ማሰብ ይጠቅማል። ንጉሥ ዳዊት ከአቤሴሎም በሸሸ ጊዜ በመሃናይም የመገበው እርሱ ነበረ። ንጉሡ በተመለሰ ጊዜ ከእኔ ጋራ ወደ ኢየሩሳሌም ውጣና በዚያ ልጡርህ አለው። ቤርዜሊ ግን 80 ዓመቱ ነበረ፤ የመብል ጣዕም እንደማይለይ፥ የዘፋኞችን ድምፅ እንደማይሰማ ተናግሮ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ሊሞት ወደ ከተማው መመለስን መረጠ፤ በእርሱም ፈንታ ከመዓም ከንጉሡ ጋራ ሄደ። ስለዚህ ዕረፍትን የሚፈልግ አረጋዊ አለ፤ ይህንም አንክድም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ንጉሡ አስቀድሞ ጠየቀው፥ እንቢ ያለውም ቤርዜሊ ራሱ ነው። እንቢ ካለም በኋላ ንጉሡን ዮርዳኖስን አሻግሮ ሸኘው፤ ንጉሡም ስሞ መረቀው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሳንጠይቅ ስለ እነርሱ እንቢ እንላለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተራው የእርሷ ሆኖ ድካሙ ይከፈል። አንዱ ዱቄቱን፥ ሌላው ጌሾውን ያምጣ፤ ጕልበት ያላት ሴት ታቡካ፥ ትጥመቅ። ለማኅበሩ ጠላ እጇን የማትሰጥ ሙስሊም ጎረቤቷ እንኳ ውኃ በመቅዳት፥ ቡና በመቍላት ልታግዛት ትችላለች፤ በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ቤቱ የባልቴቲቱ ቤት፥ እንግዳውም የእርሷ እንግዳ፥ ጽዋውን ለተረኛው የምታስረክበውም እርሷ ትሁን። ድግሱ ንፍሮ ብቻ ቢሆን ምን ይጐድላል? የንስሐ አባትም የቤቷን ነገር ከሌላው ይልቅ ያውቃልና፥ ሳያሳፍራት፥ በአደባባይም ሳይናገር ጕድለቷን ለማኅበሩ ሙሴ በቀስታ ሊያመለክት ይችላል። በንስሐ የሰማውን ሳይሆን በዓይኑ ያየውን ማለታችን ነው።

የሚመጣውን ወር ጽዋ ማን ይቀበላል ተብሎ በሚጠየቅበት ሰዓት ሙሴው ተራዋ የደረሰውን አሮጊት በስሟ ይጥራት፤ አልችልም የምትል እንደ ሆነ ከራሷ አፍ ይሰማ።